መርሳ ላይ የሞትኩ ዕለት

መርሳ ላይ አንድ ጊዜ ሞቼ አውቃለሁ። ብዙም አልቆየሁበትም፤ ከሰዓት በኋላ ሞቼ ሳይመሽ ተነሥቻለሁ። እስክነሣ ድረስ ግን የተባለልኝን፣ የተለቀሰልኝንና የተቆፈረልኝን ሁሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እናም "ሰው ሲሞት ምን ይሰማዋል?" እያላችሁ የምትጨነቁ ካላችሁ ከእኔ በላይ የሚነግራችሁ የለም። ይሞቀዋል። በተለይ መርሳ ቆላ ስለሆነ በጣም ይሞቀዋል።

ነገሩ የተጀመረው ወልድያ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የፊልም ክበብ ነበረን። ከጦርነቱ በፊት ክበባችን ካሜራ፣ የካሜራ ማቆሚያ፣ መብራትና ይህንን ሁሉ የሚያስቀምጥበት ቁልፍ ያለው ቁም ሳጥን ነበረው። ጦርነቱ ከተማዋ ገብቶ ከወጣ በኋላ "ተመለሱ" ተብለን ስንመለስ ካሜራው የለም፤ ማቆሚያው የለም፤ መብራቱ የለም፤ ቁም ሳጥኑም ራሱ የለም። ቁልፉ ግን ሰዓዳ ቦርሳ ውስጥ በሰላም ከርሟል። ሰዓዳ የወልድያ ልጅ ናት፤ የክበባችን ተዋናይት፣ አልባሽና ሜካፕ ሠሪ። "ክበቡ ተዘረፈ" ሲሏት ቁልፉን አውጥታ ታሳያለች። ከካሜራው መጥፋት በኋላ ደግሞ ደህና ስልክ ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች ካሜራችንም እሷ ሆነች። በወረቀት ላይ ዳይሬክተራችን ይመር ነው፤ በተግባር ግን የስልኩ ባለቤት ስትቆጣ ፊልም የለም።

ይመር የሀብሩ ልጅ፣ የውሃ ምህንድስና ተማሪ ነው። በሙቀትም በብርድም አንገቱ ላይ ሻርፕ ይጠመጥማል። "ለምን?" ብላችሁ ብትጠይቁት "ዳይሬክተር ነኝ" ነው መልሱ። እኔ የአርባ ምንጭ ልጅ ነኝ፤ ደራሲ ነበርኩ። ደራሲ የሆንኩት መጻፍ ስለምችል አይደለም፤ ትወና ስሞከር በተሰጡኝ ሦስት መስመሮች ሁሉ ላይ ስለሳቅኩ ነው።

ጊዜው ጦርነቱ ከወልድያ የወጣበት፣ ግን ርቆ ያልሄደበት ጊዜ ነበር። ከቆቦ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ እንደተጣላ ጎረቤት ወደ እኛ ያይ ነበር። ሰው ሁሉ አንድ ጆሮውን ወደ ሰሜን ቀስሮ ነው የሚገበያየው። የከባድ መኪና ጎማ የፈነዳ እንደሆነ ገበያው በሙሉ መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ከዚያ ይነሣና አቧራውን አራግፎ፣ እርስ በርሱ እየተጠቋቆመ ይስቃል። ይመር ይህንን አይቶ ነው አንድ ቀን ካፌ በር ላይ ቆሞ "ሕዝቡ ሳቅ ጠምቶታል፤ እኛ ማጠጣት አለብን" ያለው። የውሃ ምህንድስና ተማሪ ምን ሊል ኖሯል?

እኔም ጻፍኩ። አንድ ሥራ ጠል ጎረምሳ ማን እንደሚያለቅስለት ለማየት የሞተ መስሎ ይተኛል። ጎረቤት ይመጣል፤ ድንኳን ይጣላል፤ ይለቀሳል፤ ሟች ተደስቶ አልነሣም ይላል። በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ርዕሱ ላይ እስከ መጨረሻው አልተስማማንም። ሟቹ የት ተወልዶ፣ በምን እንደሞተና ሃይማኖቱ ምን እንደሆነም አልጻፍኩም፤ "እሱን ቀረጻ ላይ እንደርስበታለን" አለ ይመር። ደረስንበት።

መርሳን የመረጥነው የይመር አጎት እዚያ ስላለ ነው። ጋሽ ሰይድ ይባላል፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ብርቱካንና ማንጎ ያለበት ሰፊ ግቢ አለው። ሚስቱ ልጃቸውን ልትጠይቅ ወደ ሐራ ከተማ ስለሄደች ቤቱ ባዶ ነበር። የእድር ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተውሶ ሊያቆይልን፣ ለቅሶ የሚደርሱ ጥቂት ጎረቤቶችም ሊያመጣልን ቃል ገባ።

በመሄጃችን ዕለት ጠዋት ሟቹን እንዲጫወት የመረጥነው ልጅ ቀረ። እናቱ ደውላ "በዚህ ዘመን፣ ሰዉ ሁሉ የሞት ወሬ በሚፈራበት ዘመን፣ ሬሳ ሆነህ ብትተኛ ልጄ አይደለህም" ብላዋለች። ይመር ሻርፑን አጥብቆ እኔን ተመለከተኝ።

"አንተ ትሞታለህ" አለኝ።

"እኔ መተወን አልችልም።"

"ሬሳ ምን ይተወናል? ዝም ማለት ነው።"

የእኔ እናት አርባ ምንጭ ናት፤ አልሰማችም። ተስማማሁ።

ከወልድያ ሚኒባስ ይዘን ወጣን። መንገድ ላይ ኬላ ነበር፤ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየንና ቦርሳችን ይፈተሽ ጀመር። ሚሊሻው ሸምገል ያለ፣ ጥንቁቅ ሰው ነው። ከእኛ ቦርሳ ውስጥ መጀመሪያ ጥጥ አወጣ። ቀጥሎ አዲስ ነጭ አቡጀዲ አወጣ። ከዚያ ድምፅ መቅጃችንን ከጫፉ ላይ ያሰርንበትን ሸንበቆ አነሣ፤ ነፋስ እንዳይረብሸው መቅጃውን የእኔን ጥቁር ካልሲ አልብሰነዋል።

"ይሄ ምንድነው?"

ይመር ስለ ፊልም ጥበብ የሚናገረው ብዙ ነበረው፤ ሌላ ጊዜ ሳይጠየቅም ይናገራል። ዳሩ ግን የፈቃድ ወረቀት አልያዝንም። በዚያ ሰሞን ደግሞ ሜዳ ላይ በስልክ የሚቀርጽ ሰው "ለማን ልትልክ ነው?" ሳይባል አያልፍም። ይመር አቡጀዲውን አየ፤ ሚሊሻውን አየ፤ "ለቅሶ ልንደርስ ነው" አለ።

ሚሊሻው ባርኔጣውን አወለቀ። "ማን ሞቶ?"

"ተማሪ ነው። ጓደኛችን።"

"የየት አገር ልጅ?"

የይመር ዓይን እኔ ላይ ዐረፈ። "የአርባ ምንጭ።" ነፍሴን ከመውሰዱ በፊት አገሬን ወሰደው።

"እዚህ ዘመድ የለውም?"

"ምን ዘመድ አለው" አለ ይመር፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። በዚያ ፊልም ውስጥ ከታየው ትወና ሁሉ ደህናው ይኸው ነበር፤ አልተቀረጸም።

"ሸንበቆውስ?"

"የሟች ነው።"

"ካልሲውስ?"

"እሱም የሟች።"

ሚሊሻው ሁሉንም አጣጥፎ በአክብሮት መለሰልን። "እግዜር ያጥናችሁ" ብሎ መንገዱን ከፈተ።

ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ጦይባ የሚባሉ የመርሳ ሴት ነበሩ። ስማቸውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ የማውቀው ሻሻቸውን እስከ ግንባራቸው ሸብ ያደረጉ፣ አንዲት ፌስታል በጉልበታቸው ላይ ያቀፉ፣ ከወልድያ ጀምሮ ቃል ያልተነፈሱ እናት መሆናቸውን ብቻ ነው። ከኬላው እንዳለፍን ወደ እኔ ዞሩ።

"ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። ወዳጅህ ነበር?"

"በጣም እንቀራረብ ነበር" አልኩ። ውሸት አይደለም።

"ምን አገኘው?"

"ድንገት ነው እማማ። ዛሬ ጠዋት ነው የተወሰነው... ማለቴ፣ ያረፈው።"

"እናቱ ሰምታለች?"

"ኧረ አልሰማችም።"

"እህህ! እናቱ ሳትሰማ!" አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ እጃቸውን ሰደድ አድርገው እስከ መርሳ ድረስ ጉልበቴን መታ መታ እያደረጉ "አይዞህ፤ ሰብሩን ይስጥህ" አሉኝ። በገዛ ሞቴ ስጽናና የመጀመሪያዬ ስለሆነ የት እንደማይ እንኳ ጠፋኝ። ስንወርድ ይመርን "እውነቱን እንንገራቸው" አልኩት።

"ተዋቸው፣ ቤታቸው ሲገቡ ይረሱታል" አለኝ።

ከተማው ስሙ መርሳ ቢሆንም የሚረሳ ሰው እንደሌለበት የአገሩ ልጅ ሆኖ አለማወቁ ይገርማል።

ጋሽ ሰይድ ግቢው ጋ ጠበቀን። ድንኳኑ ተጥሏል፤ አግዳሚው ተደርድሯል። "ጎረቤቶቹን ይዤ ልምጣ" ብሎ ወጣ። እኛም ሥራ ጀመርን። ወጉ ሬሳ ከቤት ነው፤ እኛ ግን ለብርሃኑ ስንል አልጋውን ወደ ድንኳኑ አወጣነው። ሰዓዳ ፊቴን በዱቄት አመድ አስመሰለችው፤ አፍንጫዬ ውስጥ ጥጥ ወተፈች። አቡጀዲውን ከአናቴ እስከ እግሬ አለበሰችኝ። እሷ በፊልሙ የሟች እህት ስለሆነች ፀጉሯን በትና ራስጌዬ ተቀመጠች። ስልኩን ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ አሰርነው።

"አፍህን ዝጋ" አለኝ ይመር።

"አፍንጫዬ በጥጥ ተደፍኗል፤ በምን ልተንፍስ?"

"ቀስ ብለህ በጎን ተንፍስ። ሰው እየመጣ ነው፤ ቀረጻ!"

ሰዎቹ ገቡ። ይመር የአጎቱ ጎረቤቶች መስለውት "ልክ ስትገቡ ማልቀስ ነው..." ብሎ ሳይጨርስ አለቀሱ። ምን ማልቀስ! ድንኳኑ ተናወጠ። ይመር ሬሳ የሚሳለም መስሎ ጎንበስ አለና በጆሮዬ "እነዚህ ሰዎች ሊቅ ናቸው! ልምምድ እንኳ አላደረጉም!" አለኝ።

ሌሎች መጡ። ከእነሱ ኋላ ሌሎች። አግዳሚው ሞላ፤ ሰው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። ውሃ በጀሪካን መጣ፤ ንፍሮ በሰፌድ መጣ። የይመር ደስታ ቀስ እያለ ወደ ጥርጣሬ ተለወጠ። "አጎቴ ስንት ጎረቤት ነው ያለው?" ሲል ሰማሁት።

እኔ ደግሞ ከአቡጀዲው ሥር የራሴን ታሪክ እማር ጀመር። በትምህርቴ አንደኛ ነበርኩ አሉ። (ካልኩለስ ወድቄ ነበር።) ጨዋ፣ ከማንም የማልደርስ ልጅ ነበርኩ። ዶርም ውስጥ ያለኝን ሁሉ ለደሃ እሰጥ ነበር። አንዱ ሰውዬ "እኔ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ ላይ ብርሃን ነበረው" አለ። ማንን እንዳየ አላህ ይወቅ። በዚህ መሐል ሙቀቱ አየለብኝና ላቤ አቡጀዲውን አልፎ መታየት ጀመረ።

"አልቦታል እኮ!" አለች አንዲት ሴት።

"የደግ ሰው ምልክት ነው" አለ ያ ብርሃን ያየው ሰው። ለቅሶው እንደ አዲስ ተነሣ። ራቅ ብላ የተቀመጠች አልቃሽ ድምፅዋን አንሥታ፦

*ደብተሩ ሳይዘጋ ቀለሙ ሳይደርቅ፣*
*እናቱ ሳትሰማ ልጅ ሄደ ወይ ሩቅ።*

ስትል፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አለቀስኩ። ለራሴ አዘንኩ። እንዲህ ያለ ልጅ እንዴት ይሞታል? እንባዬ በጆሮ ግንዴ እየወረደ ትራሱን አራሰው።

ሰዓዳ ከሁላችን ቀድማ ነቃች። ከጎኗ ያሉትን ሴቶች "እናቶቼ፣ ይሄ እኮ ፊልም ነው" አለቻቸው።

"ውይ ልጄን! ሐዘኑ አእምሮዋን ነካው!" አሉና አንዷ ወገቧን በነጠላ ጥፍር አድርጋ አሰረቻት፤ ሌላዋ ፊቷ ላይ ውሃ ረጨችባት።

"ወላሂ ፊልም ነው!"

"ያዟት! አጥብቃችሁ ያዟት!"

ይመርም በበኩሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ሄዶ "አባቶቼ፣ ሁሉም ፊልም ነው" ሲል ሰማሁ። አንድ አዛውንት በረጅሙ ተነፈሱ። "እውነትህን ነው ልጄ። ሁሉም ፊልም ነው። ዱንያ እንዲሁ ናት" አሉት፤ አጠገባቸውም አስቀመጡት።

ቀጥሎ ሼሁና ቄሱ ተጠራርተው አንድ ላይ ደረሱ። ወሎ አይደል፤ ሐዘን ላይ ማን የማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ መቃብር ላይ ግን ይጠየቃል።

"ሃይማኖቱ ምንድነው?" አሉ ሼሁ።

ይመር ደነገጠ። ሲደነግጥ እውነት ይናገራል። "ገና አልተወሰነም" አለ።

"አልተወሰነም ማለት?"

"ደራሲው አልጻፈውም።"

"እሱስ ልክ ነው፣ ጸሐፊው አንድ ፈጣሪ ነው" አሉ ቄሱ። "ለማንኛውም የአርባ ምንጭ ልጅ ከሆነ የእኛ ይሆናል፤ ቤተ ክርስቲያን ይረፍ።"

"የለም ቄስ፣ እንግዳ ነው። እንግዳ ሆኖ መጥቶ ሜዳ ላይ ቢቀር እኛን ነው የሚያሳፍረን። እኛ ጋ ይረፍ።"

"እርስዎ ዘንድም እኛ ዘንድም ያው አፈር ነው ሼህ፤ ግን ይጣራ።"

"ይጣራ። እስኪጣራ እንዳይመሽ ግን ልጆች ይቆፍሩ።"

እንዲህ ተባብለው ሁለቱም ጎረምሶች ላኩ። ዶማና አካፋ የያዙት በሁለት አቅጣጫ ሲወጡ በጆሮዬ ሰማሁ። በአገሬ አንድ ክፍል ቤት የሌለኝ ሰው፣ መርሳ ላይ ሁለት መቃብር ይሠራልኝ ጀመር።

እዚህ ላይ መነሣት ነበረብኝ። እናንተም እንደዚያ ሳትሉ አትቀሩም። ግን ተኝታችሁ እዩት! ብነሣ ድንኳን ሙሉ ሰው በድንጋጤ ያልቃል፤ ባልነሣ እቀበራለሁ። ሁለቱን ሳመዛዝን አንድ ጎርናና ድምፅ "ውሃው ደርሷል፤ ሴቶች ውጡልን፣ እንጠበው" አለ። የባልዲ እጀታ ሲንቋቋ ተሰማኝ። ከአቡጀዲው በታች ከቁምጣ በቀር የለበስኩት አልነበረም።

"ቆዩ" አለ አንድ የሴት ድምፅ። አወቅኩት። "እናቱ የለችም። ሳይታጠብ በእናቱ ፋንታ እኔ ፊቱን ልየው።"

እትዬ ጦይባ ቀረቡ። አቡጀዲውን ከግንባሬ ቀስ አድርገው ገለጡት።

ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ክፍት ነበር። ተያየን። አልጮኹም። ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ።

"አንተ... ከጎኔ ተቀምጠህ የነበርከው አይደለህም?"

ምን ልበል? አፍንጫዬ በጥጥ እንደተደፈነ "አዎ እማማ። እርስዎ ደህና ገቡ?" አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ባልዲው ተደፋ። አግዳሚው ተገለበጠ። ሼሁ ጮክ ብለው ቁርአን መቅራት ጀመሩ፤ ቄሱ መስቀላቸውን ወደ እኔ ዘረጉ፤ በምርኩዝ ተደግፈው የመጡ አንድ አባት ምርኩዛቸውን ጥለው ጎረምሶቹን ቀድመው ከበር ወጡ። "ተነሣ! ሬሳው ተነሣ!" ይባላል። ይመር በዚያ ሁሉ መሐል ቆሞ "ከት! ከት!" ይላል።

ከሁሉ የከፋው የመጣው ከግቢው ውጪ ነው። ጋሽ ሰይድ ያመጣቸውን ጎረቤቶች ይዞ ሲመለስ ሰው ከገዛ ቤቱ እየጮኸ ሲሮጥ አየ። በዚያ ዘመን ሰው ሲሮጥ "ለምን?" አይባልም፤ አብሮ ይሮጣል። "መጡ!" አለ አንዱ። ማን እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። ሱቆች በራቸውን ወረወሩ፤ ባጃጆች ወደ ደቡብ፣ ወደ ውርጌሳ አፈሙዛቸውን አዞሩ፤ እናቶች ልጆቻቸውን በስም መጥራት ጀመሩ። እኔም በቁምጣ፣ ፊቴን በዱቄት ተለብጬ፣ አቡጀዲዬን ታቅፌ መንገድ ላይ ወጣሁና "አልመጡም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የተነሣሁት!" እያልኩ ጮህኩ። ይሄ ሰውን ያረጋጋል ብዬ ማሰቤ እስካሁን ይገርመኛል።

ሁሉም ነገር ሲበርድ ማንጎው ሥር ቁጭ ብለን ነበር፤ ይመር፣ ሰዓዳና እኔ። ዙሪያችንን ሰው ከቦናል። ሚሊሻዎች መጥተዋል። ጋሽ ሰይድ አንገቱን ደፍቷል። ያን ጊዜ ሳቄ በሙሉ ጠፋ፤ የሰዉን ፊት አየሁት። ተቆጥተዋል፤ ከቁጣው ሥር ግን ገና ያልለቀቃቸው ፍርሃት ነበረ። አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋ፣ አንድ እግሯ ጫማ የሌለው፣ አሁንም ትንቀጠቀጣለች።

"ሕዝብ ማሸበር ነው" አለ አንዱ ሚሊሻ። "ወደ ጣቢያ ይሂዱ።"

"በሙት መቀለድ!" አሉ ሌላ ሰው። "ስንት ሙት ባለበት አገር!"

ይመር ሻርፑን ፈትቶ እጁ ላይ ይጠመጥማል። ሰዓዳ ወገቧ ገና በነጠላ እንደታሰረ ነው። ሼሁ ወደ እትዬ ጦይባ ዞሩ። "አንቱ ምን ይላሉ? አገሩን ለለቅሶ የጠሩት፣ ከሁሉ የተዋረዱትም አንቱ ነዎት።"

እትዬ ጦይባ ፌስታላቸውን እንዳቀፉ ተነሡ።

"ልጄ ከዘመተ ጀምሮ ሞተ ያለኝ የለም፤ አለ ያለኝም የለም" አሉ። "ዛሬም ወልድያ ልጠይቅ ሄጄ 'ገና አልታወቀም' ብለውኝ ነው የተመለስኩት። መርዶ ላልመጣለት ሰው ድንኳን አይጣልም። ላልቅስ ብል 'ሟርት ነው፣ በልጅሽ አታሟርቺ' ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ዋጥ አድርጌ ነው የቆየሁት። ዛሬ በሰው ልጅ ሰበብ አለቀስኩ። ቀለለኝ።" ፌስታላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። "እነዚህ ልጆች ዋሽተዋል፤ ቅጧቸው። ድንኳኑን ግን እስኪመሽ አታፍርሱብኝ።"

ቆይቶ ያ ፊቴ ላይ ብርሃን አየሁ ያለው ሰውዬ "የእኔም ወንድም..." ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። ሄዶ የተገለበጠውን አግዳሚ አቀናና ተቀመጠ። አንዲት ሴትም ተከተለችው። አንድ በአንድ ተመለሱ። ሼሁና ቄሱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ማንም ስም አልጠራም፤ ሁሉም ለየራሱ አለቀሰ። ሚሊሻውም ጠመንጃውን ማንጎው ላይ አስደግፎ ከኋላው አግዳሚ ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል አየሁት።

ፍርዱን የሰጡት ሽማግሌዎቹ ናቸው። "የተቆፈረ መቃብር አፉን ከፍቶ አያድርም፤ ሰው ይጠራል" አሉ። ስለዚህ ሁለቱንም እኛ እንድንሞላ፣ ከዚያ መልስም ሐዘንተኛውን እንድናስተናግድ ተፈረደብን። ሞላን። ሰው ሲሞት አንድ መቃብሩን እንኳ ሳያይ ነው የሚሄደው፤ እኔ ሁለቱንም አየሁ፣ ለካሁም፤ አንደኛው ትንሽ አጥሮኝ ነበር። ይመር አካፋ ይዞ የማያውቅ የውሃ መሐንዲስ ስለሆነ እጁ ውሃ ቋጠረ። ሰዓዳ "እንኳን ቁልፉን አልቀበርኩት" እያለች ትስቅና መልሳ ታለቅስ ነበር።

ተመልሰን ውሃና ንፍሮ አደልን። ለእትዬ ጦይባ ኩባያውን በሁለት እጄ ስሰጣቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"እናትህ በሕይወት አለች?"

"አለች እማማ።"

"ደውልላት።"

ማንጎው ሥር ሆኜ ደወልኩ።

"ምን ሆነህ ነው?" አለች እናቴ ገና ሳትሰማኝ።

"ምንም አልሆንኩም። ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው።"

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዋ ስታዞር ተሰማኝ። "ምን አጥፍተህ ነው?"

ድንኳኑን ስናፈርስ ሰማዩ ደንገዝ ብሎ ነበር። ጋሽ ሰይድ ይቅር እንዳለንና እንዳላለን ሳይናገር፣ ብርቱካን በጆንያ ሞልቶ ሚኒባሱ ላይ ጫነልን።

አንድ ነገር ቀርቶ ነበር። ስልኩ። ማንጎው ላይ እንደታሰረ ሁሉንም ቀርጾታል፤ ሙሾውን፣ ሩጫውን፣ የእትዬ ጦይባን ንግግር፣ ከዚያ በኋላ የነበረውን ጸጥ ያለ ለቅሶ። ይመር እስከ ወልድያ አፉ አልተዘጋም። እንዲህ ያለ ትዕይንት በየትም አገር አልተቀረጸም፤ ፊልማችን ዓለምን ያስደንቃል፤ ሰዓዳ ግን አንድ ቃል እንዳትነካ፣ አለ። ሰዓዳ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። በማግሥቱ ሦስታችን ግቢ ውስጥ ከዛፍ ሥር ተቀምጠን ከፈትነው። ማንም አልሳቀም። እትዬ ጦይባ "ቀለለኝ" ያሉበት ቦታ ላይ ሲደርስ ይመር ስልኩን ከሰዓዳ እጅ ወሰደ። ልታስጥለው ተነሣች። እሱ ግን ለሰው ሊልከው አልነበረም። ራሱ በጣቱ አጠፋው። ከዚያ ስልኩን መለሰላትና ፊቱን በሻርፑ ጠረገ።

የለቅሶውን ክፍል እንደገና ቀረጽነው፤ ዶርማችን ውስጥ፣ በአንሶላ ድንኳን፣ ዓይናቸውን በሽንኩርት በቀቡ ተማሪዎች። ከመካከላቸው አንዱ "ወይኔ ወንድሜን" እያለ ሲስቅ ይታያል፤ ጊዜ ስላልነበረን ተውነው። ፊልሙ በአዳራሹ ሲታይ ግን ሰዉ እስኪበቃው ሳቀ። የመብራት መጥፋትና መምጣት እንኳ የፊልሙ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሲያበቃ አስተያየት እንዲሰጡ የተጋበዙት መምህር ተነሡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ከጦርነቱ በኋላ ከሌላ ከተማ ተዛውረው የመጡ። ድምፁን አመሰገኑ፤ ትጋታችንን አመሰገኑ።

"አንድ ድክመት ብቻ ልጥቀስ" አሉ። "ለቅሶው አላሳመነኝም። አያችሁ፣ የዚህ አካባቢ ሰው እንዲህ አያለቅስም። ፊልሙን ከመሥራታችሁ በፊት ትንሽ ደከም ብላችሁ፣ ወደ መርሳ አካባቢ እንኳ ወጣ ብላችሁ፣ አንድ እውነተኛ ለቅሶ ማየት ነበረባችሁ።"

ይመር መልስ ለመስጠት አፉን ከፈተ። ሰዓዳ በወንበሩ ሥር እግሩን አጥብቃ ረገጠችው።

"እሺ መምህር" አለ ይመር። "በሚቀጥለው እናሻሽላለን።"